ጥርኝ ውሃና የሊቃውንት ጉባኤ

ከጎንደር ተነሥቶ ጣናን በስተቀኝ እያደረገ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ የሚያልፍበት የእንፍራንዝ አገር፣ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው በጉዛራ ግንብ ነው፤ በ1555 ዓ.ም. የነገሠው ዓፄ ሠርፀ ድንግል በተራራው አፋፍ ላይ እንዳሠራው የሚነገርለት ይህ ግንብ፣ ዓፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቈርቈሩ በፊት የቆመ በመሆኑ፣ ስለ ጎንደር ሕንፃ የሚጽፍ ሁሉ ነገሩን ከዚያ መጀመር ልማድ አድርጎታል። እኔ ግን ግንቡን ሕንፃ ለሚያውቁ ሰዎች ትቼ፣ በዚያው አፋፍ ዙሪያ፣ ከደንቀዝ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደር እስከ ጣና ዳር ባለው አገር፣ ነገሥታቱና ጳጳሳቱ፣ መነኮሳቱና ሠራዊቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት፣ አልፎ አልፎም ደም ሲያፈስሱበት የኖሩትን አንድ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ፤ ይኸውም በሥራው የማይገባው ሰው በእግዚአብሔር ቸርነት የሚድን ከሆነ፣ ያ ቸርነት በማን በኩልና በምን ምክንያት ይደርሰዋል የሚለው ነው።

የዚያ አገር ሰው ስለ መዳን ሲያስብ የነፍስን መዳን ብቻ ያስብ እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። ጉዛራ ከመሠራቱ አንድ ትውልድ ያህል ቀደም ብሎ፣ የግራኝ አሕመድ ጦርነት አገሩን ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲያምሰው፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው፣ መጻሕፍት ጠፍተው፣ ከሕዝቡም ከፊሉ ተሰድዶ ከፊሉም በግድ ሃይማኖቱን ለውጦ ሳለ፣ ዓፄ ገላውዴዎስ ሊረዱ መጥተው ከሞት ከተረፉት ጥቂት ፖርቱጋሎች ጋር ሆኖ በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ድል ባደረገ ጊዜ፣ ያለቀለት የመሰለ ሁሉ ነገር ባንድ ቀን ተገልብጦ ታየ። ከዚያ በኋላ ግን ከድሉ የከበደ ሥራ ቀረ። በግድም ሆነ በፈቃድ ሃይማኖታቸውን ክደው የነበሩት ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይመለሱ? ቤተ ክርስቲያኒቱ ጥምቀት አንዲት ናት ብላ የምታምን ስለ ሆነች፣ እነዚህን ሰዎች ሁለተኛ አላጠመቀቻቸውም፤ ለከዳና በንስሐ ለተመለሰ ሰው የሚደረሰውን የመጽሐፈ ቄድርን ጸሎት እየደረሰች፣ በጸሎቱ ውሃ እያጠበች፣ ልጆቿ ናችሁ ብላ ተቀበለቻቸው። ካህናቱ ሕፃኑን በአርባ ቀኑ ሕፃኒቱንም በሰማንያ ቀኗ አጥምቀው የሚሰጡት የሥላሴ ልጅነት፣ ሰውየው ቢጥለው እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ የማይሰረዝ ስጦታ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ሥርዓት ያለ አይመስለኝም። ወደ ፊት ለምንናገረው ነገር ይህ ዋና ቁልፍ ስለ ሆነ አንባቢ በልቡናው እንዲይዘው እለምናለሁ።

በዚያው ዘመን አውሮፓም ስለ ጸጋ ታምስ ነበር። ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1534 ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት መነጋገሩ የታወቀ ነው፤ ሉተር ሰው የሚድነው በእምነት በሚቀበለው ጸጋ እንጂ በሥራው ዋጋ አይደለም ብሎ ከሮማ ተለይቶ ሲያስተምር፣ ሮማ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1547 በትሬንት ጉባኤዋ ጸጋ ይቀድማል፤ ሰው ግን ከጸጋው ጋር ይሠራል ብላ ወሰነች። ኢየሱሳውያን የተባሉት መነኮሳት የዚያ ጉባኤ ዘመን ልጆችና ወታደሮች ነበሩ። ወደ ጣና ዳር በመጡ ጊዜ ግን ይህን የአውሮፓ ክርክር ይዘው አልመጡም፤ የመጡት በክርስቶስ ስለ ሁለት ባሕርይ፣ ስለ ሮማ ሊቀ ጳጳሳት ሥልጣን፣ ስለ ሰንበትና ስለ ግዝረት ሊከራከሩ ነበር። ስለ ጸጋ የሚደረገው ክርክር ሳያስቡት በሌላ በር ገባባቸው።

ከእነርሱ ሁሉ ብልሁ አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ነበር። በ1595 ዓ.ም. ገብቶ ግዕዙንም አማርኛውንም ተምሮ፣ ሳይቸኩል፣ ሰው ሳያስቀይም፣ ዓፄ ሱስንዮስን በ1614 ዓ.ም. ለሮማ ሃይማኖት በግልጥ እስከ ማስመስከር ደረሰና በዚያው ዓመት ሞተ። እርሱን ተከትሎ ፓትርያርክ ተብሎ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነበር። በየካቲት 1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ንጉሡ ከመኳንንቱና ከካህናቱ ጋር ሆኖ ለሮማ ሊቀ ጳጳሳት እንዲታዘዝ ካስማለው በኋላ፣ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፣ ጾሙና በዓሉ እንደ ሮማ ቍጥር እንዲሆን፣ ሕዝቡም እንደ ገና እንዲጠመቅ ትእዛዝ ወጣ።

ብዙ ጸሐፊዎች ከዚያ በኋላ የመጣውን ዐመፅ ሲተርኩ ሰንበት በመሻሩና ሥርዓት በመለወጡ ያመካኙታል፤ እውነት አለው። እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የሕዝቡን አንጀት የቈረጠው ዳግመኛ ጥምቀቱ ይመስለኛል። አንድ የደንቀዝ ወይም የእንፍራንዝ ገበሬ የሁለቱን ባሕርይና የአንዱን ባሕርይ ምሥጢር ለመመርመር ቢቸገርም፣ የሞተው አባቱ፣ ያሳደገችው አያቱ፣ የተቀበረው ሕፃን ልጁ የተጠመቁት ጥምቀት ከንቱ ነበር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። የግራኝን ዘመን ከሓዲ እንኳ ሁለተኛ ሳታጠምቅ ከተቀበለች ቤተ ክርስቲያን የተወለደ ሰው፣ ያልካደውን ሰው እንደ አረማዊ ቈጥሮ ሊያጠምቅ የመጣ ጳጳስ ምን ያህል ያስደነግጠው እንደ ነበረ ማሰብ አያስቸግርም። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የመጡት ፖርቱጋሎች ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል ወደ ውሃ ሲወርዱ አይተው ይህ ሕዝብ በየዓመቱ ይጠመቃል ብለው ሲከስሱ የነበሩ መሆናቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው፤ ብዙ ሰውም ያውቀዋል። ላስታ ዐመፀ፤ ሌላውም አገር ተከተለው፤ በሰኔ 1624 ዓ.ም. የንጉሡ ሠራዊት ወይና ደጋ ላይ ድል ቢያደርግም በሜዳው ላይ የወደቁት ሺዎች ክርስቲያኖችና የንጉሡ የገዛ ሕዝብ ስለ ነበሩ፣ ሱስንዮስ ልቡ ተሰብሮ፣ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግሮ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። በመስከረም 1625 ዓ.ም. ዐረፈና ራሱ ባሠራት በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበረ።

ይህ ሁከት ከአክሱም ያሰደደው አንድ ሰው መጠጊያ ያገኘው በእንፍራንዝ ነው። ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ባለ ታሪኩ ዘርዐ ያዕቆብ በሱስንዮስ ዘንድ ተከስሶ፣ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ብቻ ይዞ ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ ባለ ዋሻ ሁለት ዓመት ተቀምጦ፣ ንጉሡ ከሞተ በኋላ ወደ እንፍራንዝ መጥቶ፣ ሀብቱ በተባለ ባለጠጋ ቤት ተጠግቶ፣ ዳዊት እየጻፈ፣ የሀብቱን ልጆች እያስተማረ፣ የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን አግብቶ እስከ ሞቱ ድረስ በዚያ ኖሯል፤ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም የእንፍራንዝ ሰው ነው። መጽሐፉ የታወቀው በ1845 ዓ.ም. ገደማ በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን መነኩሴ ለአንቷን ዳባዲ በላከው ጊዜ በመሆኑ፣ ደራሲው መነኩሴው ራሱ ነው የሚሉና የለም የኢትዮጵያዊ ድርሰት ነው የሚሉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔ በዚያ ሙግት አልገባም። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገኝ የመጽሐፉ አሳብ ነው፤ ሰውየው በዋሻው ሆኖ ከዳዊት መዝሙር ጋር የሚጸልየው ጸሎት ከመከራ አውጣኝ የሚል የማንኛውም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ጸሎት ሲሆን፣ ስለ መዳን መንገድ ሲመራመር ግን እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ እኩል በሰጠው ልቡና ላይ ይደገፋል፤ ፍራንጁም፣ ማለት የሮማ ሃይማኖት ተከታዩም፣ ግብጻዊውም እስላሙም አይሁዱም የእኔ ብቻ ናት እያለ የሚጣላባትን ሃይማኖት ሁሉ በዚህ ልቡና ይመዝናታል። እንዲህ ያለ ሚዛን ያነሣ ሰው እንፍራንዝን መጠጊያ አደረገ መባሉ ራሱ የሚያስደንቅ ነው።

የሚያስደንቅ ነው ያልሁበት ምክንያት አለኝ። በታላቁ ኢያሱ ዘመን በ1691 ዓ.ም. ንጉሡን ሊያክም ወደ ጎንደር የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ፣ እስላሞች ሃይማኖታቸውን በግልጥ የሚፈጽሙባትና ቤታቸው ከክርስቲያኖች ቤት ጋር ተቀላቅሎ የሚታይባት የኢትዮጵያ ከተማ እንፍራንዝ ብቻ መሆኗን ጽፎአል፤ በጎንደር ግን የኢያሱ አባት ዓፄ ዮሐንስ ፍራንጆቹ እንዲወጡ፣ እስላሞችና ፈላሾችም ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ አዝዞ ነበር። ፖንሴ በእንፍራንዝ የዝባድ ነጋዴዎችንም ያነሣል። ነጋዴ የበዛበት አገር ጎረቤቱ ይጸደቅ አይጸደቅ ብሎ ከመጨነቅ ይልቅ ዕቃው ደኅና ይግባ ብሎ የሚጨነቅ ይሆን? ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሃይማኖት መቻቻል ከመጽሐፍ ቤት ይልቅ በገበያ የተወለደበት አገር ጥቂት አይደለም።

ፍራንጆቹ ኢየሱሳውያን ከሄዱ በኋላ ክርክሩ በቤተ ክርስቲያን ልጆች መካከል ገባ። ፍራንጆቹ ክርስቶስ በሥጋው አምላክ በመዋሐድ ከከበረ፣ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ መባሉ ለምን አስፈለገ ብለው የጠየቁት ጥያቄ፣ ጠያቂዎቹ ተባርረው እንኳ መልስ ሳያገኝ ቀርቶ ነበር፤ የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 10 እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው የሚናገረው ቃልም በየጉባኤው ይነበብ ጀመር። ቅብዐቶች፣ ይልቁንም የኤዎስጣቴዎስ ልጆች የተባሉት የጎጃም መነኮሳት፣ ሥጋ የባሕርይ ልጅ የሆነው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው አሉ። ተዋሕዶዎች ደግሞ ተዋሕዶው ራሱ ይበቃል፤ ቅብዕ የተባለው ራሱ ወልድ ነው እንጂ ከውጭ የመጣ ሌላ አይደለም ብለው፣ በኋላ ዘመን ካሮች የተባሉት ይህን አጥብቀው ያዙ። ከደብረ ሊባኖስ ገዳም ወገን በኋላ የተለዩት ጸጎች ግን፣ ከአብ ያለ እናት፣ ከእናት ያለ አባት ከተወለደው ልደት ሌላ፣ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት የተደረገ ሦስተኛ ልደት አለ፤ በዚህም በሰውነቱ የጸጋ ልጅ፣ ለብዙ ወንድሞች በኵር ሆነ አሉ። ተከራካሪዎቻቸው ሦስት ልደት ብለው ሰየሟቸው።

የዛሬ አንባቢ ይህን ሲሰማ ጊዜያቸውን በከንቱ ያሳለፉ ሰዎች አድርጎ ሊቈጥራቸው ይችላል። ነገር ግን ጥያቄውን ከመዳን በኩል ስናየው ሁሉም አንድ ነገር ሲጠብቁ እናገኛቸዋለን። ጸጎቹ የሰጉት፣ ክርስቶስ ጸጋን እንደ ሰው ተቀብሎ መንገዱን ካልከፈተልን፣ በአርባ ቀናችን የተቀበልነው ልጅነት ከየት መጣልን በማለት ነበር፤ ተዋሕዶዎቹም ጸጋን ከሌላ የሚቀበል እንዴት ለሌላ ይሰጣል፤ ሰጪው ራሱ ተቀባይ ከሆነ የመዳናችን መሠረት ይናወጣል ብለው ሠጉ። ቅብዐቶቹም የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ተረስቶ እንዳይቀር ነበር የሚታገሉት። ሰው በጸጋ የሚድን መሆኑን የካደ አንድም ወገን አልነበረም። በእኔ አስተያየት የጎንደር ዘመን ክርክር ሐዘኑም እዚህ ላይ ነው፤ ስጦታው ሳይካድ የስጦታው መንገድ ብቻ አከራክሮ ሰው ለመገዳደል መብቃቱ።

ይህን በግልጥ ያሳየው የዓፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን ነው። ከ1708 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሠው ይህ ንጉሥ ወደ ቅብዐት ወገን አዘነበለ፤ በ1713 ዓ.ም. ለቅብዐት የሰጠውን ፍርድ አንቀበልም ብለው በጎንደር የተሰበሰቡትን የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት በወታደር አስወርሮ ብዙዎቹን አስገደለ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ሞተ። ቤተ መንግሥቱ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወደ አንዱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሌላው እያዘነበለ ሲሄድ፣ ክርክሩ ከሃይማኖት ይልቅ የጎጃምና የጎንደር፣ የሸዋና የትግሬ መኳንንት መለያ ሆነ።

የዚያን ዘመን ነገሥታት እምነት በአንድ ነገር ለማየት የሚፈልግ ሰው ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል ያስታውስ። የእሾህ አክሊል የደፋውን መድኃኔ ዓለምን የሚያሳየው ይህ ከአውሮፓ የመጣ ሥዕል በቤተ መንግሥቱ የከበረ ነበርና፣ መሐላ በፊቱ ይፈጸም፣ ነገሥታቱም ሲዘምቱ ከሠራዊቱ ጋር ይዘውት ይሄዱ ነበር። በ1736 ዓ.ም. ዓፄ ኢያሱ ሁለተኛ ስናርን ሊወጋ ሄዶ ድል በሆነ ጊዜ ሥዕሉም ተማረከ፤ የዓለሙ ቤዛ ሥዕል ራሱ በቤዛ ወርቅ ተገዝቶ ወደ ጎንደር ተመለሰ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ በገቡ ጊዜ ሪቻርድ ሆምስ የተባለው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ወሰደው፤ በዚያን ጊዜ የተቤዠው አልነበረም።

ሊቃውንቱ ይህን ያህል ሲደክሙ፣ ጉባኤ የማይገባው ሕዝብ ነገሩን በሌላ መንገድ ይዞት ነበር። በየካቲት 16 የሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል፣ እመቤታችን በጎልጎታ ስትጸልይ ልጇ በስሟ ለሚለምኑና በስሟ በጎ ለሚያደርጉ ሁሉ ምሕረት እንደሚያደርግ ቃል ኪዳን የሰጣት መሆኑን የሚያዘክር ነው። ከዐረብኛ በዓፄ ዳዊት ቀዳማዊ ዘመን የተተረጐመውን ተአምረ ማርያምን በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፣ ሠላሳ ሦስቱም የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ በመሥራት የታወቀው ከእንፍራንዙ ሰው ጋር ስሙ የሚመሳሰለው ንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ከዚያ መጽሐፍ ሁሉ የበለጠ በሕዝቡ ልብ የተተከለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይሆናል፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥሎ ማንበብ የማይችለው ሁሉ የሚያነበው ነው።

የቅምር አገር ባለጠጋ የነበረ ክርስቲያን ሰው በሰይጣን ስቶ ሰው መብላት ጀመረ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ሳይቀር 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን በመንገድ ያገኘውን ለምጻም ድኻ ሊበላው ሲል ሰውነቱን አይቶ ተጸይፎ ተወው፤ ድኻው ግን በጥም ተቃጥሎ ነበርና ስለ እግዚአብሔር ብሎ ውሃ ለመነው፤ እምቢ አለው። ስለ ጻድቃን፣ ስለ መላእክት አለው፤ እምቢ አለው። በመጨረሻ ስለ ማርያም ባለው ጊዜ ይህች ስም በልጅነቱ የሰማት ስም ናትና ልቡ ተነክቶ በእፍኙ ጥርኝ ውሃ አጠጣው። በሞተ ጊዜ ነፍሱ ለፍርድ ቀርባ 78ቱ በአንድ ሚዛን ጥርኙ ውሃ በሌላው ሲመዘኑ፣ እመቤታችን ቆማ ጥላዋ በውሃው በኩል ወደቀ፤ ውሃው ደፋ፤ ሰውየውም ተማረ።

ይህን ታሪክ ኀጢአትን የሚያቀልል ተረት ነው የሚሉ አሉ፤ በውጭ አገር ሰዎችም ከዚህ የከፋ ተብሎበታል። እኔ ግን ታሪኩን ካሮችና ጸጎች ከተከራከሩበት ነገር ውጭ አላየውም። ውሃው ለ78 ነፍስ ዋጋ አይሆንም፤ የሚነግረን ቄስም ዋጋ ነው አይልም። ሚዛኑ በውሃው ክብደት አልደፋም፤ በጥላው ነው የደፋ። ከሰውየው የተጠየቀው፣ ምሕረት ልትገባበት የምትችል ቀዳዳ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ከሰጪው ነው። የኀጢአቱ ትልቅነት የተነገረውም ምሕረቱን ለማሳነስ ሳይሆን ለማስተለቅ ስለ ሆነ፣ ማንም ሰምቶ ሰው ለመብላት የተነሣ የለም።

የዚህ እምነት ልማድ ዝክርና ማኅበር ነው። ቅዱሳኑ በየገድላቸው ቃል ኪዳን የተቀበሉ ናቸውና፣ በስማቸው ለድኻ የሚሰጥ፣ በስማቸው ቀዝቃዛ ውሃ የሚያጠጣ እስከ ተወሰነ ትውልድ ይማራል ተብሎ ስለሚታመን፣ በወር በ12 የሚካኤል፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም እየተባለ ማኅበርተኛው በተራ ይደግሳል። ጠላው በጋን ተጠምቆ፣ ዳቦው ተቈርሶ፣ ቄሱ ጸበል ጸዲቁን ባርኮ፣ ነዳያን በልተው፣ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ከማኅበርተኛው የሞተ እንደ ሆነ ማኅበሩ ለተዝካሩ ይረዳል፤ የሙት ልጅ የአባቱን ጽዋ ይወርሳል። በቤተ መንግሥት የተወሰነው ሃይማኖት ዛሬ ቅብዐት ነገ ካራ ሲሆን ይህ ተራ አልተቋረጠም፤ ተረኛውንም የየትኛው ወገን ነህ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም።

በ1822 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የገባው የስዊስ ተወላጅ ሳሙኤል ጎባት፣ አባ አብርሃም በካይሮ የተረጐመውን የአማርኛ ወንጌል ይዞ መጥቶ ለካህናቱም ለመኳንንቱም ሲያድል፣ ከእጨጌ ፊልጶስና ከሌሎቹ ሊቃውንት ጋር የተከራከረው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነገር ነበር፤ በክርስቶስ ጸጋ የሚድን ሰው የማርያምንና የቅዱሳንን ምልጃ ምን ያስፈልገዋል ይል ነበር። ጎባት ሰውን በማክበርና በትሕትና በመናገር ከሜንዴዝ በብዙ የተሻለ ነበርና በጎንደር የሚወድዱት አላጣም። ሆኖም የሁለቱ ወገን ንግግር ሳይገናኝ እንደ ቀረ ይሰማኛል። ጎባት ምልጃን እንደ ሁለተኛ መድኃኒት ይቈጥረዋል፤ ማኅበርተኛው ግን በቃል ኪዳኑ የሚያየው የአንዱን መድኃኒት ቸርነት ነው፤ ኪዳኑን የሰጠው ክርስቶስ ነውና። ከንጉሥ ፊት በአማላጅ የሚቀርብ ሕዝብ ከአምላኩም ፊት እንዲሁ ቢቀርብ አይደንቅም።

የሊቃውንቱ ክርክር የተዘጋው በመሣፍንቱ ዘመን መጨረሻ ነው። በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ፣ በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ የተባለው ደጃች ካሣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆኖ የካራውን እምነት ለአገሩ ሁሉ ዐወጀ፤ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርጎ ሦስት ልደትን አስወገዘ። የጸጋ ወገን የሚባል ከዚያ በኋላ በግልጥ አልቆመም፤ ቅብዐት ግን በጎጃም እስከ ዛሬ አለ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጥለው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያወድሙ፣ ታላቁ ኢያሱ የተከላት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ የንብ መንጋ ወጥቶ እንዳባረራቸው የከተማው ሰው ሁሉ ይናገራል፤ በዚህ ነገር ላይ ካሮችና ቅብዐቶች የሚከራከሩበት አንዳችም አልነበረም።

የተወገዘው ግን በሙሉ አልጠፋም። በጎንደር መጻሕፍት ቤት የሐዲሳትን ትርጓሜ የሚማር ደቀ መዝሙር ስለ ቅብዐት የሚናገረው ንባብ ላይ ሲደርስ፣ መምህሩ ቅብዐቶች እንዲህ ይላሉ፤ ጸጎች እንዲህ ይላሉ፤ እኛ ግን እንዲህ እንላለን ብሎ የሦስቱንም ወገን ቃል እንዲያጠና ያደርገዋልና፣ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዝም ያሰኘው የጸጋ ወገን መምህር ዛሬም በተቃዋሚው አፍ ትምህርቱን ይናገራል። ያው ደቀ መዝሙር ጉባኤው ሲፈታ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ለውሻ ይዞ፣ በየደጁ እየቆመ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምናል፤ ሊቀ ሊቃውንት እስኪሆን ድረስም የሚያድረው ስለ ቅብዐት አንዲት ቃል ሰምተው የማያውቁ ሴቶች በዚያች ስም በሚሰጡት ቍራሽ ነው።